የደላንታ ገደልና የኦፓል ማዕድን

ከጣና በስተሰሜን፣ ቆላ ድባን ይዞ እስከ ሐይቁ ዳርቻ የሚዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት የዋልካ ምድር ነው። ዋልካውን ያስገኘው በዙሪያው ካሉት ከፍታዎች እየበሰበሰ የወረደው የባዛልት ድንጋይ ሲሆን፣ የሰሜን ምዕራቡ ደጋ ባዛልት አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር የፈሰሰ ገሞራ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ቻይናዎችና ማኦሪዎች ያከበሩትን ኔፍራይት፣ ማለትም አንዱን የጄድ ዓይነት፣ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ኔፍራይት ሰርፐንቲን የተባለው ድንጋይ ከሌላ ዓይነት ድንጋይ ጋር በሚዋሰንበት ስፍራ የሚፈጠር፣ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ስለ ተጠላለፉ በቀላሉ የማይሰበር ማዕድን ነው። ሰርፐንቲን በአገራችን የሚታየው እንደ አዶላና ዩብዶ ባሉ ጥንታዊ ድንጋዮች በተገለጡባቸው ቦታዎች ነው። የባዛልቱ አገር ያፈራው የከበረ ድንጋይ ሌላ ነው፤ እርሱም ኦፓል ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች እያስቆፈሩ መንገድ ያስጠርጉ ነበር። በሁለቱ ሸለቆዎች መካከል ያለው አምባ ደላንታ ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት በዶማና በድጅኖ ገደሉን ሲፈነቅል፣ በዚያው አምባ ጫፍ ስላለው ሀብት የሚያውቅ አልነበረም። በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ፣ ኦፓል የተገኘው ከ140 ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ኦፓል ሲባል የሚታወቀው በሰሜን ሸዋ የመዘዞው ነበር። ይኸኛው በድቡልቡል ድንጋይ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ገበያው ብዙም አልቀናም።

የደላንታው አፈጣጠር ልብ ሊባል ይገባዋል። ገሞራው ፋታ በሰጠባቸው ዘመናት የእሳተ ገሞራው አመድ በዝናብ ብዛት እየበሰበሰ ወደ አፈርነት ተለወጠ። በመበስበሱም ሲሊካ ተለቀቀ፤ ውሃውም ሲሊካውን ይዞ ወደ ታች ሰረገ። ከሥሩ ግን ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ ስለ ነበር፣ ሲሊካው በዚያው ቆሞ ረጋ። ከዚህ የተነሣ ኦፓሉ የሚገኘው በመላው ገደል ተበታትኖ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። በድንጋዩ ውስጥ የሚጫወተውም ቀለም ከማቅለሚያ የመጣ አይደለም። የአንድ ሚሊሜትር አምስት ሺህኛ ያህል የሆኑ የሲሊካ ቅንጣቶች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃንን ስለሚበትኑት ነው። የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ብዙው ውሃ ውስጥ ሲነከር እንደ መስታወት ይጠራል፣ ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ገዥ ይህን ካላወቀ ተታለልሁ ማለቱ አይቀርም።

ንጣፉ ስስ መሆኑ የቁፋሮውን ዘዴ ወስኖታል። የአካባቢው ገበሬዎች ከገደሉ ፊት ተነሥተው፣ ንጣፉን እየተከተሉ በእጅ መሣሪያ ወደ ውስጥ ይገባሉ። በላያቸው ያለው የአምባው ክብደት ነው፤ በዙሪያቸው ያለው ደግሞ የበሰበሰ አመድና ሸክላ ነው። ኦፓሉ እንዲረጋ ውሃውን ያቆመው ያ ሸክላ፣ ዛሬም ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይንሸራተታል። በ2016 ዓ.ም. በደላንታ ዋሻ ተደርምሶ በርካታ ቆፋሪዎች ውስጥ ተዘጋባቸው። ይህን መሰሉ አደጋ የዕድል ጉዳይ ተደርጎ ሲወራ ይሰማል፤ ለመሐንዲስ ግን የሚሰላ ነገር ነው። ዋሻው በገፋ ቁጥር ጣሪያውን የሚሸከም ያልተቆፈረ ዓምድ በየመካከሉ መተው አለበት። ችግሩ፣ የሚተወው ዓምድ ራሱ ኦፓል ያለበት ንጣፍ መሆኑ ነው። በግንድ ድጋፍ ይተካ ቢባልም፣ ግንዱ ከአምባው አፋፍ እስከ ዋሻው አፍ በገደሉ ላይ መውረድ ይኖርበታል።