«አቀናባሪ» የማን ስም ነው?

«ሲንተሳይዘር»ን «አቀናባሪ» ብሎ መተርጎም ያስደፍራል። ሆኖም ቃሉ ባለቤት አለው፤ በካሴት ሽፋን ላይ «ቅንብር» ሲጻፍ የሰው ሥራ ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ካሴት አኮርዲዮንን ከሙግና ከያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘሮች ጋር አዋሕዷል፤ መሣሪያዎቹ ድምፅ አመነጩ፣ ያቀናበረው ግን እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የሚዲ ሥርዓት ደግሞ ቁልፍንና ድምፅን ለመለያየት አስቻለ። የዛሬው የሚዲ ኪቦርድ በራሱ ድምፅ የለውም፤ የትኛው ቁልፍ፣ በምን ያህል ብርታት እንደ ተመታ፣ እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል። ድምፁን የሚፈጥረው ሶፍትዌሩ ነው። ኪቦርዱን «ተቆጣጣሪ» ብንለው ሹም ይመስላል። ስለዚህ ኪቦርዱ «አዛዥ ኪቦርድ»፣ ሶፍትዌሩ «ድምፅ አመንጪ» እንዲባሉ ሐሳብ እናቀርባለን፤ «አቀናባሪ» ለሰው ይቆይ።