በአልትራቫዮሌት ብልጭታ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ማፍረስ

የአልትራቫዮሌት ብልጭታ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ በመብራት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ የሚወጣ፣ ከሰከንድ ሺኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ኃይለኛ ብርሃን ነው። ጀርሞችን ከመግደል ባለፈ በውሃና በምግብ ላይ ያሉ መርዛማ ሞለኪውሎችን ለመሰባበርም ይውላል።

መሣሪያው በአሠራሩ የካሜራ ፍላሽ ታላቅ ወንድም ነው። ካፓሲተር ቀስ እያለ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ከዚያም ዜኖን ጋዝ በተሞላ የኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ይለቀዋል። ተራ መስታወት ለመርዝ ማፍረሻ የሚፈለገውን ጨረር ስለሚያስቀር ቱቦው ኳርትዝ መሆን አለበት። 100 ጁል ጉልበት በ100 ማይክሮሰከንድ ሲለቀቅ የብልጭታው ኃይል 1 ሜጋዋት ይደርሳል፤ ያው ጉልበት ግን ባለ 100 ዋት አምፖል በአንድ ሰከንድ የሚጨርሰው ነው። ከተለመደው የሜርኩሪ መብራት የሚለየውም ሜርኩሪ ስለሌለበትና ብርሃኑ በ254 ናኖሜትር ዙሪያ ከመወሰን ይልቅ ከ200 እስከ 1100 ናኖሜትር ስለሚዘረጋ ነው።

ብርሃን የሚያፈርሰው የሚውጠውን ሞለኪውል ብቻ ነው፤ የዘዴው አቅምም ድክመትም ከዚህ ይመነጫል። የ254 ናኖሜትር ብርሃን በአንድ ሞል ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) 471 ኪሎጁል ገደማ ይይዛል፤ ነጠላውን የካርቦንና ካርቦን ትስስር ለመበጠስ 350 ኪሎጁል አካባቢ ይበቃል። ሞለኪውሉ ብርሃኑን ካልዋጠው ግን ይህ ሁሉ ጉልበት አልፎት ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ውሃው ላይ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይጨመራል፤ ብርሃኑ እሱን ሰንጥቆ ሃይድሮክሲል የተባለውን ያገኘውን የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጥራል። በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የፍሳሽ ውሃ ማጣሪያ በመጨረሻው ደረጃ አልትራቫዮሌትና ፐርኦክሳይድን አጣምሮ ይጠቀማል፤ መብራቶቹ ግን የማያቋርጥ ብርሃን የሚሰጡ ናቸው። እዚያ ከሚፈርሱት አንዱ ኤንዲኤምኤ የተባለው ካንሰር አምጪ ውህድ ነው፤ ብርሃን በደንብ ስለሚውጥ ያለ ፐርኦክሳይድም ይበጠሳል።

ይህ ዘዴ የማይደርስበትን መርዝ ለማየት ከላስ ቬጋስ በስተደቡብ ያለችው ሄንደርሰን ጥሩ ቦታ ናት። በከተማዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማግኒዚየም ፋብሪካ የቆመበት የኢንዱስትሪ ቀጠና አለ። በሄንደርሰን ለአሥርት ዓመታት ለሮኬት ነዳጅ ማቃጠያ ኦክስጅን የሚሰጠው ፐርክሎሬት ተመርቷል። ጨው በመሆኑ በውሃ ይሟሟል፤ በከርሰ ምድር ተጉዞ ላስ ቬጋስ ዋሽ በተባለው ጅረት በኩል ሚድ ሐይቅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲታወቅ ጉዳዩ የአንድ ከተማ ብቻ አልነበረም፤ ላስ ቬጋስ 90 በመቶ የሚሆነውን ውሃ የምታገኘው ከዚሁ ሐይቅ ነው፤ ከታች ያሉት አሪዞናና ካሊፎርኒያም ሐይቁ ከሚገኝበት ከኮሎራዶ ወንዝ ይጠጣሉ። ፐርክሎሬት የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳይወስድ ያግዳል። በአዮዲን እጥረት የሚመጣውን እንቅርት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የዚህን ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም።

አልትራቫዮሌት እዚህ አይረዳም። ፐርክሎሬት የማጣሪያ መብራቶችን ብርሃን አይውጥም ማለት ይቻላል፤ ክሎሪኑም መያዝ የሚችለውን ኦክስጅን ሁሉ ስለያዘ ሃይድሮክሲል የሚወስድበት ነገር የለም። ብልጭታው ቢበረታም ይህ አይለወጥም። በሄንደርሰን መፍትሔ የሆኑት ባክቴሪያዎች ናቸው፦ የከርሰ ምድሩ ውሃ በጉድጓዶች ተስቦ ይወጣና ኤታኖል የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ገፍፈው ፐርክሎሬቱን ወደ ተራ ክሎራይድ ይቀይሩታል።

በምግብ ላይ ያለው ዕድል ግን ሰፊ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1996 የዜኖን ብልጭታ የምግብን ገጽ ከጀርም ለማጽዳት እንዲውል ፈቅዷል፤ ጣሪያው በካሬ ሴንቲሜትር 12 ጁል ነው። ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚያሳስበው አፍላቶክሲን ነው። ሻጋታ ያመነጨው ይህ መርዝ በኑግ ፋጉሎ በኩል ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ ይሻገራል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ በተመረመሩ የወተት ናሙናዎችም ተገኝቷል። አፍላቶክሲን በ360 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አጥብቆ ይውጣል፤ የአንዱ ዓይነት «ቢ» የሚለው ስያሜ ራሱ በአልትራቫዮሌት ሥር ሰማያዊ ከማብራቱ የመጣ ነው። በሩዝና በሩዝ ፍሩሽካ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ብልጭታው መጠኑን በጉልህ ቀንሶታል። ችግሩ ጥላ ነው። በርበሬ ስታሰጣ እየተመላለሰች የምታገላብጥ እናት ምክንያቱን ታውቃለች፦ ከላይ ያለው ሲደርቅ ከሥር ያለው እርጥብ ነው። ብልጭታም የሚነካው ገጹን ብቻ ስለሆነ እህሉ ስስ ሆኖ መሰጣትና በንዝረት መገላበጥ አለበት፤ ፋጉሎም መፈጨት ይኖርበታል።

በውሃም ላይ ድፍርስ፣ ብረትና ናይትሬት ብርሃኑን ይሻሙታል። መርዙ ጠፋ ማለትም በቂ አይደለም፤ የተሰበረው ሞለኪውል ስብርባሪ በተራው ሊመርዝ ስለሚችል እሱም መመርመር አለበት። ፎቶን በፎቶን ሲሰላ ብልጭታ ከማያቋርጥ ብርሃን ብዙ ጊዜ አይበልጥም፤ ጥቅሙ ፍጥነቱና ከሜርኩሪ ነጻ መሆኑ ነው። ከ240 ናኖሜትር በታች ያለው ጨረር ከአየሩ ኦዞን ይሠራል፤ ዓይንንም ይጎዳል። በመሆኑም መብራቱ የሚሠራው አየር ማውጫ ባለው ዝግ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈትም ኤሌክትሪኩ ወዲያው ይቋረጣል።