ጥንታውያን የዕብራይስጥ ሕትመቶችና የመተማ በር

በአውሮፓ መጻሕፍት ሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ከሆኑት መካከል፣ በማተሚያ ጥበብ መጀመሪያ ዘመን የወጡት የዕብራይስጥ የሃይማኖት መጻሕፍት ይገኙበታል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የታተመበት ቀን ተጽፎባቸው ከተገኙት የመጀመሪያው በ1475 በሬጂዮ ካላብሪያ የወጣው የራሺ የኦሪት ማብራሪያ ሲሆን፣ ሙሉው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ በ1488 በሶንቺኖ ታትሟል። የግዕዝ ሕትመትም ብዙ አልዘገየም፤ ዮሐንስ ፖትከን በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። ይኸው ሰው በ1518 በኮሎኝ ባወጣው መዝሙር ዕብራይስጥ፣ ግሪክ፣ ላቲንና ግዕዝ ጎን ለጎን ሰፍረዋል፤ ግዕዙን ግን «ከለዳዊ» ብሎ በስሕተት ሰይሞታል።

የሸሕዲና የመተማ መምህራን ይህን ታሪክ ከአካባቢያቸው ጋር ሊያያይዙት ቢሹ፣ አንድ ነገር አስቀድመው መለየት ይኖርባቸዋል። በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ፣ ያውም በብራና ከተጻፈ መጽሐፍ ነበር፤ አንዳንዱንም ከክርስቲያን ጸሐፊዎች ያገኙት ነበር። ስለሆነም በዚያ ጥንታዊ የዕብራይስጥ ሕትመት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የታተመ መጽሐፍ የደረሳቸው በእንግዶች እጅ ነው። በ1860 በመተማ በኩል የገባው ሄንሪ ስተርንና ሌሎች ሚስዮናውያን፣ በ1840 በለንደን ታትሞ የወጣውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አሠራጩ። በ1867 እና በ1868 የጎበኛቸው ዮሴፍ ሃሌቪ ደግሞ የጸሎታቸውን ግዕዝ ከዕብራይስጥ ትርጉም ጋር በ1877 በፓሪስ አሳተመ። በእኛ አስተያየት ለአካባቢው ታሪክ ከፖትከን መዝሙር ይልቅ ይህ መጽሐፍ ይበልጣል፤ እዚህ ላይ ዕብራይስጡ የተቀዳው ከአገሩ ብራና ነውና።

የመጻሕፍቱ ወደ ውጭ መውጣት ግን ዋጋ አስከፍሏል። ከ1904 ጀምሮ ደጋግሞ የመጣው ዣክ ፋይትሎቪች የሰበሰባቸው ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በ1888 የማህዲ ጦር ከመተማ ተነሥቶ ጎንደርን ሲያቃጥል የጠፋውም ቀላል አልነበረም። በ1984 እና በ1985 ቤተ እስራኤል በብዛት ይህን ቆላ አቋርጠው ወደ ሱዳን ሲሄዱ፣ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን መጽሐፉን የሚያውቀው ሰውም አብሮ ሄደ። ስለዚህ መምህሩ ዛሬ ሊሰበስብ የሚችለው ቃል ነው፤ ይኸውም የትኛው መጽሐፍ በየትኛው መንደር ጸሎት ቤት እንደነበረ፣ ማን እንደጻፈውና በምን ያህል እህል ወይም ከብት እንደተገዛ፣ ጎረቤት ሆነው የኖሩት ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ነው።