ፈጣኑ መኪና ሁልጊዜ አያሸንፍም

“ቴስላ ሞዴል ኤስ ልግዛ ወይስ ፖርሽ ታይካን?”

ይህ ጥያቄ ለታሪክ መምህር ይቀርባል ወይ? ለኔ ቀርቦልኛል፣ ያውም ከአንድ ሰው በላይ። መካኒክ ሞልቶ ሳለ እኔን መጠየቃችሁ አላስከፋኝም፤ ምክንያቱም ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ ከ125 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እስቲ ከሥሩ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓሪስ አጠገብ አሼር የሚባል ቦታ አለ። በ1898 ዲሴምበር ጋስቶን ደ ሻስሉ-ሎባ የተባለ ፈረንሳዊ ባላባት እዚያ በኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ነዳና የፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘ። ካሚል ዠናትዚ የሚባል ቤልጂየማዊ ይህን ሰምቶ እንቅልፍ አልወሰደውም። እሱም የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪ ነበርና በጃንዋሪ መጥቶ 66 አደረሰው። ባላባቱ በዚያው ቀን 70 ብሎ መለሰለት። ዠናትዚ በአሥረኛው ቀን 80። ባላባቱ በማርች 92። በመጨረሻም ኤፕሪል 29 ቀን 1899 ዠናትዚ እንደ ጥይት የሾለች መኪና ይዞ ከች አለ፤ በሰዓት 105.88 ኪሎ ሜትር! የሰው ልጅ በመኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ከ100 በላይ የበረረው ያኔ ነው። በቤንዚን አይደለም፣ በባትሪ። የመኪናዋ የፈረንሳይኛ ስም ትርጉሙ “ፈጽሞ የማትረካ” ነበር።

ይህ የሁለት ሀብታሞች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች 1,575ቱ የኤሌክትሪክ ነበሩ። የቤንዚኖቹ 936 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በእንፋሎት የሚሄዱ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን፣ ሞተሯ መንኮራኩሯ ውስጥ የተገጠመ የኤሌክትሪክ መኪና ለሕዝብ ታየች። የሠራት ሎነር በተባለ የቪየና ኩባንያ የሚሠራ የ24 ዓመት ወጣት ነው። ስሙ ፈርዲናንድ ፖርሽ። አዎ፣ ያው ፖርሽ!

ችግሯ ባትሪዋ ነበር። የእርሳስ ባትሪ ስለሆነ ብቻውን ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የሚያስኬደው ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ወጣቱ ፖርሽ ምን አደረገ? ብዙም ሳይቆይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የቤንዚን ሞተር ጨመረባት። ዛሬ ሃይብሪድ የምንለው ነገር እንግዲህ የዚያን ጊዜ ጭንቀት የወለደው ነው።

ታዲያ ክብረ ወሰኑን የያዘው ኤሌክትሪክ መቶ ዓመት ሙሉ ለምን ከገበያ ጠፋ? በፍጥነት አልተሸነፈም። የተሸነፈው ከመኪናው ውጭ ባለ ነገር ነው። በ1901 ቴክሳስ ውስጥ ስፒንድልቶፕ በተባለ ቦታ ነዳጅ እንደ ጉድ ፈነዳና የአሜሪካ ዘይት ረከሰ። በ1908 ፎርድ ሞዴል ቲን አወጣ፤ ተራው ሰው የሚገዛው መኪና መጣ። ቤንዚን መኪና እስከዚያ ድረስ ከፊት ለፊቱ በብረት እጀታ እየተሽከረከረ ነበር የሚነሳው፤ እጀታው ተመልሶ ሲመታ የስንቱን ክንድ ሰብሯል። በ1912 ካዲላክ ሞተሪኖ ሲገጥም ይህም ጣጣ ቀረ። ከሁሉም በላይ ግን ኤሌክትሪክ የነበረው ከተማ ውስጥ ነው። ቤንዚን በቆርቆሮ ተጭኖ ገጠር ይገባል፤ ኤሌክትሪክ አይገባም። በቃ፣ ነገሩ ያኔ አለቀ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ሁለቱም መኪኖች ከዚያ ሽንፈት ትምህርት ወስደዋል፤ የወሰዱት ትምህርት ግን የተለያየ ነው።

በ2003 የተመሠረተው ቴስላ ሞዴል ኤስን ለገዢ ማስረከብ የጀመረው በጁን 2012፣ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ላይ ነው። ትልቁ ባትሪ ከላፕቶፕ ባትሪ ጋር የሚመሳሰሉ ከ7,000 በላይ ትናንሽ ሴሎች የታጨቁበት ነበር። ለኔ ግን ከመኪናው የሚበልጠው ዜና ከሦስት ወር በኋላ የመጣው ነው፦ ኩባንያው የራሱን ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች መክፈት ጀመረ። የ1900ውን ጥያቄ፣ ማለትም “ከከተማ ስወጣስ?” የሚለውን፣ በቀጥታ መለሰ።

ፖርሽ ታይካንን ያወጣው በ2019 ነው። እሱ የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ “ደጋግሜ ብረግጠው ይደክማል ወይ?” 800 ቮልት አደረገው፤ የኋላውን ሞተር ባለ ሁለት ማርሽ አደረገው። ከዚያም ከቆመበት እስከ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት በተከታታይ 26 ጊዜ አስነስቶ፣ በፈጣኑና በዘገምተኛው መሃል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰኮንድ በታች መሆኑን አሳየ።

ቀጥሎ የሆነው አሼርን ያስታውሰኛል። ጀርመን አገር ኑርበርግሪንግ በተባለው የውድድር መንገድ በ2019 ታይካን 7 ደቂቃ ከ42። በ2021 ሞዴል ኤስ ፕላድ 7 ከ35። በ2022 ታይካን 7 ከ33። በ2023 ፕላድ 7 ከ25። በ2024 ታይካን 7 ከ07። ባላባቱና ዠናትዚ እንደገና!

እኔ ግን እላለሁ፦ በዚህ ቁጥር መኪና አትግዙ። ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አውጥቶ ኑርበርግሪንግ የሚሄድ ስንታችሁ ናችሁ? ይልቅ ዋጋውን ተመልከቱ። ፕላድ በ2021 ሲወጣ ወደ 130 ሺህ ዶላር ነበር፤ በ2023 ሴፕቴምበር ኩባንያው ራሱ 90 ሺህ ግድም አወረደው። ቀድሞ የገዛው ሰው ምን እንደተሰማው ገምቱት። ታይካንም ቢሆን ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ዋጋው ቶሎ ይወድቃል። ስለዚህ የሚቻላችሁ ሁለቱንም ያገለገለ ፈልጉ።

ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ። ያላችሁ መኪና አንድ ብቻ ከሆነ፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የምትጓዙ ከሆነ፣ የኔ ምርጫ ቴስላ ነው። በ2020 በአሜሪካ መንግሥት ልኬት ሞዴል ኤስ በአንድ ሙሌት 647 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ታይካን ቱርቦ 323 ነበር። ታይካን ከ2024 ማሻሻያው በኋላ ክፍተቱን በጣም አጥብቧል፤ ቴስላም ጣቢያዎቹን ለሌሎች መክፈት ጀምሯል፤ ቢሆንም ያገለገለ ስትገዙ የምታገኙት የድሮውን ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ቻርጅ የምታደርጉበት ካለ፣ ረጅም መንገድም እምብዛም ከሌለባችሁ፣ መሪና ፍሬን የሚያስደስታችሁ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ታይካንን አትለፉት። አፓርታማ ተከራይታችሁ መንገድ ዳር የምታቆሙ ከሆነ ግን ሁለቱንም ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈራችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

ይህ ምክር ለውጭ ነዋሪ ብቻ አይደለም። አገራችን በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስትከለክል ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። እዚህ የሚነዳው ፖርሽ ሳይሆን አነስተኛ የቻይና መኪና ይሆናል፤ ጥያቄው ግን ያው የ1900ው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቻርጅ ተደርጎ ደሴ ወይም ጅማ ሲኬድስ? መኪናውን ማስገባት የሥራው ግማሽ ነው። ዠናትዚ ክብረ ወሰኑን ያዘ፤ ዘመኑን የወሰደው ግን መንገድ ዳር ማደያ የተከለው ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ይዛችሁ ከከተማ የወጣችሁ፣ የት ቻርጅ እንዳደረጋችሁና ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁ ከሥር ጻፉልን። ለሚገዛው ሰው ከኔ ታሪክ ይልቅ የናንተው ይጠቅመዋል።

ሰላም ዋሉ።