ጓያ በደላንታና በዳውንት

ከፍላቂት ከተማ በስተደቡብ፣ መቄት ከዋድላና ከዳውንት የሚዋሰንበትን አልፎ፣ የደላንታ ሜዳ ይዘረጋል። በመረሬው አፈር ዝናብ ሲበዛ አንዱ ሰብል፣ ሲጠፋ ሌላው ይከዳል። ጓያ ግን ሁለቱንም ይችላል። ገበሬው የሚዘራውም ለዚሁ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ሌላው ሰብል ሲበላሽ በዳውንትና ደላንታ ወረዳ ብዙው ቤት በጓያ ላይ ወደቀ። ከ1988 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ 2,000 ያህል ሰው፣ አብዛኛው ወጣት፣ እግሩን ተያዘ። በደንቢያና በፎገራ በ1969 ዓ.ም. ግድም የታየው ዓይነት ወረርሽኝ ነበር።

ጥፋቱ የኦዳፕ ነው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ህንዳውያን ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ ለይተው ያወጡት መርዝ። ከወገብ የሚወጡትን የነርቭ ሥሮች አይነካም። የውስጥ ጭንን ጡንቻ የሚያዙት ከ2ኛው እስከ 4ኛው የወገብ ሥሮች፣ ባትን የሚያዙትም ከነሱ በታች ያሉት፣ ሁሉም ደኅና ናቸው። የሚጎዳው ከአንጎል እስከ እነሱ የሚወርደው ረጅም የነርቭ መስመር ነው። ስለዚህ የታማሚው እግር አይልፈሰፈስም፤ ይገተራል። ጭኖቹ ይጠላለፋሉ፣ ተረከዙ ከመሬት ይነሳል፣ ጉልበቱን መታ ሲያደርጉት ይዘላል። መርፌ ቢወጉት ግን ይሰማዋል። ሐኪሞች ሕመምተኞቹን በአረማመዳቸው ይለያሉ፦ ያለ ምርኩዝ፣ በአንድ ዱላ፣ በሁለት ዱላ፣ እየዳኸ።

ሕዝቡ የሕመሙ መንስኤ ነው ብሎ የፈራው የሚቀቀለውን ጓያ እንፋሎትና ገለባውን ነበር። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በወረዳው ያደረጉት ጥናት ግን ወደ ማጀት ያመራል። እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን የበላ ይበልጥ ተጠቃ። ቂጣው፣ የቦካው እንጀራና ወጡ ከሕመሙ ጋር አልተያያዙም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገባበት ወጥ እንዲያውም አደጋውን ቀነሰ፤ በሸክላ ማብሰል ጨመረው። እንግዲህ ከአንድ ማሳ የበሉ ጎረቤታሞች እኩል አልተጎዱም፤ ቅመም መግዣ የሌለው ቤት የባሰ ዕዳ ከፈለ ማለት ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. «ዋሴ» የተባለ መርዙ ያነሰ ዝርያ ተለቀቀ። ጓያን ግን ንቦች ከማሳ ማሳ ያዳቅሉታል። ድርቅ በተጫነው ጊዜም መርዙ ይጨምራል፤ ገበሬው አብዝቶ የሚበላውም ያን ጊዜ ነው።