በሁለት ትውልድ መካከል፤ ከነጻነት በኋላ የተማሩት ወጣቶች በታሪካችን ያላቸው ስፍራ

የአገራችንን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያነበበ ሰው ሁለት የተማሩ ትውልዶችን ሳይቸገር ይቈጥራል። የመጀመሪያው ከጠላት ወረራ በፊት በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤቶችና በውጭ አገር ተምሮ፥ አገሩን በአዲስ ሥርዓት ለማራመድ ሲያስብ ጦርነት የደረሰበት ነው። ሁለተኛው በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው፥ ኋላም በአብዮቱ ዓመታት ብዙ ሰው ያለቀበት፥ ዛሬ «ያ ትውልድ» እየተባለ የሚጠራው ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ስም ያልወጣለት ሌላ ትውልድ አለ። ከ1915 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ገደማ የተወለደ፥ ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት የገባ፥ እስከ 1966 ድረስም የመንግሥትን መሥሪያ ቤቶች ሥራ የተሸከመ ትውልድ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህ ትውልድ ለምን ሊዘነጋ እንደ ቻለ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ምሁራን አንድ መጽሐፍ፥ ስለ ተማሪዎች ንቅናቄም ሌላ መጽሐፍ ጽፈዋል። የመጀመሪያው ወደ ወረራው ዘመን ሲቃረብ ይፈጸማል፤ ሁለተኛው ከ1953 አካባቢ ይጀምራል። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱን ጉዳይ ስለ ተከተለ ይህ የጸሐፊው ጕድለት አይደለም። ሆኖም ሁለቱን አከታትሎ የሚያነብ ተማሪ በመካከላቸው የሃያ አምስት ዓመት ክፍት ቦታ ያገኛል። በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ሰዎች ነበሩ።

1. የቀደሙት

የቀደመው ትውልድ በቍጥር ጥቂት ነበር። የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900፥ የተፈሪ መኰንን በ1917፥ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በ1923፥ የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤትም በ1927 ተከፈቱ። የሆለታ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ከነሱ አንዳንዶቹ ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር በምዕራብ ኢትዮጵያ «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማሩ ሰዎች ተለይተው እየተፈለጉ ተገደሉ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች፥ ቢንያምና ዮሴፍ፥ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

የዚህ ትውልድ ስም በሰማዕትነት ጸና። ከሞት የተረፉት ደግሞ ከነጻነት በኋላ በጣም ተፈላጊ ሆኑ፤ የመንግሥቱም ከፍተኛ ሥልጣን በእጃቸው ገባ። እስከ 1947 ድረስ የጽሕፈት ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ፥ ከዚያም በኋላ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከንጉሠ ነገሥቱ በታች የበላይነቱን ይዘው ቈዩ። ሁለቱም ከወረራው በፊት ለሥራ የደረሱ ሰዎች ናቸው። አክሊሉ ከ1953 እስከ የካቲት 1966 በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሠርተዋል።

2. በአምስቱ ዓመት ልጆች የነበሩ

ጠላት በአገሩ ላይ በቈየበት ዘመን ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት ከዝቅተኛ ደረጃ የማያልፍ ነበር። ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. የስምንትና የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሁሉ ፊደል መማር የሚገባውን ዕድሜ ያለ ትምህርት አሳለፈ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነጻነት ሲመለስ ልጅነቱ አልቋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ በ1935፥ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1938 ሲከፈቱ ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች የገቡት ብዙዎቹ ይህን የባከነ ጊዜ ለማካካስ የሚሽቀዳደሙ ወጣቶች ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በ1943 በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራውን ጀመረ።

የዚህ ትውልድ የመጀመሪያ ችግር እዚህ ላይ ይታያል። ከነጻነት በኋላ የሰው ክብር የሚመዘነው በአምስቱ ዓመት በሠራው ሥራ ነበር። አርበኛ የነበረ ዱር ቤቴ ማለቱን፥ ስደተኛ የነበረ ከንጉሡ ጋር መንገላታቱን ይቈጥራል። ለጠላት ያደረ እንኳ በልምዱ ምክንያት ሥራ ሲሰጠው ይታይ ነበር። ወጣቱ ግን አርበኛም፥ ስደተኛም፥ ባንዳም አልነበረም፤ ልጅ ነበር። የሚያቀርበው ውለታ ስላልነበረው ሹመቱን ከትምህርቱና ከንጉሠ ነገሥቱ ቸርነት ብቻ የሚጠብቅ ሆነ። ትምህርቱን ያገኘው፥ ወደ ውጭ አገርም የተላከው በመንግሥት ወጪ ስለ ነበረ፥ ከፊቱ ለቀደሙት ሁሉ ባለ ዕዳ ሆኖ ጀመረ። ባለ ዕዳ ደግሞ በአባቶቹ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም።

3. የማይታይ ሥራ

እንግዲህ ይህ ትውልድ ምን ሠራ? ባጭሩ ቢነገር፥ በውጭ አገር ሰው እጅ የነበረውን ሥራ ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ አዛወረ። ከነጻነት በኋላ ባንኩን፥ ትምህርት ቤቱን፥ አየር መንገዱን ያቋቋሙትና የመሩት ባመዛኙ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካኖች እርዳታ ሲመሠረት አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዋና አብራሪ ሆነው በራሳቸው አዛዥነት መብረር የጀመሩት ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የተሾሙት ደግሞ አየር መንገዱ ከተመሠረተ ወደ ሃያ አምስት ዓመት ከሆነው በኋላ ነው። በዩኒቨርሲቲውም እንዲሁ ከውጭ አገር መሪዎች ቀጥሎ ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም፥ ከሳቸውም በኋላ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

የዚህ ዓይነት ሥራ ባሕርይው መሰወር ነው። አውሮፕላኑ በኢትዮጵያዊ እጅ ቢነሣና በሰላም ቢያርፍ ተሳፋሪው ልዩ ነገር መደረጉን አያስተውልም። መዝገቡ በሥርዓቱ ቢያዝ፥ ደመወዙ በቀኑ ቢከፈል፥ ሕጉ በአማርኛ ቢጻፍ፥ ይህን ያደረገውን ሰው ስም የሚጠይቅ የለም። ሥራው የተሳካለት ሰው በተሳካለት መጠን ይረሳል።

4. ታኅሣሥ 1953

ሆኖም ይህ ትውልድ ፈጽሞ ዝም አለ ማለት ስሕተት ነው። ከመካከሉ የወጡት አቶ ግርማሜ ንዋይ በአሜሪካ አገር፥ በመጨረሻም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ተመለሱ። የወላይታ አውራጃ ገዥ በነበሩ ጊዜ መንገድና ድልድይ ለማሠራትና መሬት ለሌላቸው ሰዎች መሬት ለማከፋፈል ሞከሩ፤ ባለ ርስቶቹ ስለ ከሰሷቸው ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። በታኅሣሥ 1953 ከወንድማቸው ከክብር ዘበኛ አዛዥ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት አነሡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ። በጥቂት ቀን ውስጥ ነገሩ ከሸፈ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ብዙ መኳንንትና ሚኒስትሮች ተገደሉ፤ ግርማሜ ሲሸሹ ሞቱ፤ ጄኔራል መንግሥቱም በመጋቢት ወር በስቅላት ተቀጡ። በሚከተለው ዓመት ያው ቤተ መንግሥት ለአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ነጥብ ልብ ማለት ይገባል። ታኅሣሥ 1953 ብዙ ጊዜ የሚተረከው የተማሪዎች ንቅናቄ መነሻ ተብሎ ነው፤ ማለትም የሚቈጠረው ለሚከተለው ትውልድ ነው። ነገር ግን ግርማሜ ተማሪ አልነበሩም፤ የሠላሳ ስድስት ዓመት ገደማ ሰው፥ የመንግሥት ሹም፥ ከነጻነት በኋላ ትምህርት ተምረው ወደ ሥራ ከገቡት አንዱ ነበሩ። መካከለኛው ትውልድ አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ያም ድምፅ በታናናሾቹ ስም ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ የቀሩት እኩዮቹ ዝምታን መረጡ። ይህን መሸፋፈን የታሪክ ተማሪ ሥራ አይደለም። አንዳንዱ በፍርሃት፥ አንዳንዱ ለልጆቹ እንጀራ፥ አንዳንዱም ለውጥ ከውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል ብሎ በማመን በወንበሩ ቈየ። ለዝምታው የከፈለው ዋጋ በሚቀጥለው ክፍል ይታያል።

5. ከበታች የመጡት

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ክፍት ቦታ እየጠበቀው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የክፍል ሹም ይሆን ነበር። ነገር ግን በወጣትነቱ ወንበር የያዘ ሰው ጡረታው ሩቅ ነው። ከበላዩ ያሉት ሽማግሌዎች ቦታ ስላልለቀቁ እሱ ወደ ላይ አልወጣም፤ እሱ ባለበት ስለ ቈየ ደግሞ ከበታቹ የመጣው መግቢያ አጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው ሥራ የማያገኙ ወጣቶች በየከተማው መታየት ጀመሩ። በ1966 ዩኒቨርሲቲው ከ5,000 በላይ ተማሪዎች ነበሩት። ለነዚህ ሥልጣን ማለት በየቀኑ የሚያዩት የመሥሪያ ቤት ዲሬክተር ነበር። ስለዚህ ቍጣቸው በመጀመሪያ ያረፈው በመካከለኛው ሰው ላይ ነው፤ በነሱ ዓይን እሱ የሥርዓቱ አገልጋይ ነበር። ከላይ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን ያው ሰው ገና ልጅ ነበር።

ለዚህ ሁኔታ ከዩኒቨርሲቲው የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱም ወታደሮች ግቢ ገብተው ተማሪዎች ሞቱ። በዚያ ቀን ዩኒቨርሲቲውን ይመሩ የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ነበሩ። በአንድ ወገን ቤተ መንግሥት፥ በሌላው ወገን ተማሪ፤ በመካከሉ የቆመ ኃላፊ ከሁለቱም ምስጋና አያገኝም።

የዘመኑ ሥነ ጽሑፍም ይህን ሰው አይቶታል። ከዚሁ ትውልድ የሆኑት መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ በጻፉት «ያላቻ ጋብቻ» በተባለው ቴአትር፥ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የመኳንንት ዘር ሠራተኛውን ለማግባት ሲነሣ ከዘመዶቹ ጋር የሚገጥመውን ሙግት በሣቅ አቅርበውታል። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ግን የሚሥቀው በአዲስ ሐሳብና በአሮጌ ወግ መካከል ተይዞ ከሁለቱም ያልሆነ ሰው ላይ ነው።

6. ስድስት ወር ተኩል

በየካቲት 1966 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሲወርድ ተራው ለመካከለኛው ትውልድ ደረሰ። በኦክስፎርድ የተማሩት ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በሐምሌ ወር ተሽረው እንደሳቸው በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልጅ ሚካኤል እምሩ ተተኩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ሥልጣኑን ያዘ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የተጠበቀው ተራ ስድስት ወር ተኩል ብቻ ቈየ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ካለ ፍርድ ካስገደላቸው ባለ ሥልጣኖች መካከል አክሊሉም እንዳልካቸውም ነበሩ። የሁለት ትውልድ ሰዎች በአንድ ሌሊት በአንድ ስም፥ «የቀድሞ ባለ ሥልጣን» ተብለው ሞቱ። መካከለኛው ትውልድ በመጨረሻው ሰዓት እንኳ ከታላላቆቹ ተለይቶ አልታየም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተነገረው እንደምንረዳው ትውልዱ የተዘነጋው ሥራ ስላልሠራ አይደለም። ዝምታው አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ዋናው ምክንያት ግን እኛ ትውልድን የምንቈጥርበት ልማድ ነው። የቀደሙትን በየካቲት 12፥ የተከተሉትን በቀይ ሽብር እናስታውሳለን፤ ማለትም ትውልድን የምንቈጥረው በሙታኑ ነው። ለሙታን የሚገባው ክብር ይቀነስ የሚል የለም። ነገር ግን በዚህ መለኪያ ብቻ ከሄድን የተረከበውን ጠብቆ ያስረከበ ሰው በታሪክ ውስጥ ስፍራ አይኖረውም፤ የሚመጣውም ወጣት ስም የሚገኘው በመሞት ወይም በመግደል ብቻ ነው ብሎ እንዲያምን እናደርገዋለን። ይህ ለአገር አደገኛ ትምህርት ነው።

ለኛ ለተማሪዎች የቀረው ጊዜ አጭር ነው። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ከገቡት በሕይወት ያሉ ቢገኙ ዕድሜያቸው ከዘጠና ዓመት ያለፈ ነው። ስለዚህ የያንዳንዳችን ሥራ ከቤታችንና ከሰፈራችን ሊጀምር ይችላል። የድሮ የትምህርት ቤት መዝገብ፥ የሹመት ደብዳቤ፥ ከውጭ አገር ለወላጅ የተላከ ደብዳቤ፥ በመሥሪያ ቤት የተነሣ ፎቶግራፍ ሳይጣል ተሰብስቦ ቢጻፍበት፥ ለጡረተኛውም ሰው በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ ከማን ምን እንደ ተረከበ፥ ሲወጣም ለማን እንዳስረከበ ቢጠየቅ፥ ክፍቱ የሃያ አምስት ዓመት ቦታ በጥቂቱ ሊሞላ ይችላል። መምህራኖቻችንም ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲመርጡልን ይህን ዘመን ቢያስቡልን መልካም ነው።