የቀራጺው ቢላዋና የእረኞች ፍቅር

ቀራጺ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ትልቅ ድንጋይና መዶሻ ነው። የፈረንሳዩ አሪስቲድ ማዮል (1861–1944 እ.ኤ.አ.) ግን ከመጽሐፍ ገጽ በማይበልጥ እንጨት ላይ የጥንት ሰዎችን የፍቅር ተረት ቀርጾ አትሟል። ያውም አውሮፓ በሁለት ታላላቅ ጦርነቶች በታመሰችበት ዘመን። ታዲያ ይህ ከዘመን መሸሽ አይደለምን? እስቲ እንመርምረው።

ማዮል በሥዕልና በባለሥዕል ምንጣፍ ሥራ ጀምሮ ወደ አርባ ዓመቱ ገደማ ወደ ሐውልት ዞረ። በ1908 ጀርመናዊው ባላባት ሃሪ ኬስለር ግሪክን አስጎበኘው። ኋላም የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን የእረኞች ግጥም በሥዕል እንዲያስጌጥለት ጠየቀው። ሥራው ተጀምሮ ሳያልቅ የ1914 ጦርነት መጣ፤ የሁለቱ ወዳጆች አገሮች ተፋጁ። መጽሐፉ ቫይማር ከተማ ታትሞ የወጣው በ1926 ነው። ሥዕሎቹ የፈረንሳዊው፣ የመነሻ ፊደላቱ የእንግሊዛዊው ኤሪክ ጊል፣ ማተሚያ ቤቱ የጀርመናዊው። ትናንት በጦር ሜዳ የተፋለሙት ሦስት አገሮች በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

በ1937 ደግሞ የዳፍኒስና የክሎኤ ተራ ሆነ። የግሪኩ ደራሲ ሎንጉስ በጻፈው በዚህ ታሪክ፣ ሁለት የተጣሉ ሕፃናት አንዱን ፍየል፣ አንዷን በግ አጥብተዋቸው በሌስቦስ ደሴት በእረኝነት ያድጋሉ። ፍቅር ሲይዛቸው እንቅልፍና ምግብ ያጣሉ፤ የበሽታቸውን ስም ግን አያውቁትም! ስሙን የሚነግራቸው አንድ ሽማግሌ ነው።

የማዮል ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በእንጨት ኅትመት ቀለም የሚይዘው በቢላዋ ሳይነካ የቀረው ክፍል ብቻ ነው፤ የተፈለፈለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ማዮል ጥላውንና ጌጡን ሁሉ ጠርቦ ጥሎ ቀጭን መስመር ብቻ አስቀረ። የሰውነት ሙላቱን ነጩ ወረቀት ይሰጠዋል። ድንጋይ የለመደ እጅ ምን እንደሚጣል ያውቃላ! እረኞቹ ፍቅራቸውን ስም ሳይሰጡት እንደኖሩት፣ እሱም ሳያብራራ አሳየው።

ይህን ስንል ግን አናጋንን። የ1937ቱ መጽሐፍ የወጣው በ500 ቅጂ ብቻ ነው፤ ፍየል የሚጠብቅ ሰው አይገዛውም። ጦርነትም አላስቀረም፤ ኬስለር ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ተሰድዶ በ1937 በስደት ሞተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አውሮፓ ዳግመኛ ነደደች።

ቢሆንም ሽሽት ነው ለማለት አንደፍርም። የሚሸሽ ሰው ጠላት ከተባለ ወዳጁ ጋር የጀመረውን ሥራ ከጦርነት በኋላ ተመልሶ አይጨርስም። ተረቱ የጥንት ነው፤ ወዳጅነቱ ግን የዚያው የመከራ ዘመን ነበር።